የቸኮሌት ዳቦ ፑዲንግ፣ የእማዬ 60ኛ ልደት እና ያልተበላው ምሳ



ባለፈው ወር የለቀቅኩትን የቸኮሌት ዳቦ ፑዲንግ ፎቶ አይታችሁ «አሠራሩን ላኪልን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። «ዶክተር፣ አንቺም ጣፋጭ ትበያለሽ እንዴ?» ያላችሁም አትጠፉም። አዎ፣ እበላለሁ። አሠራሩንም ዛሬ እጽፍላችኋለሁ፤ የዘገየሁት ሰስቼ አይደለም። ያ ፎቶ በተነሳበት ምሽት እናቴ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ በላብ ተጠምቃ፣ የምትናገረው ሁሉ ተምታቶባት ነበር። ለዚያ ያበቃት ደግሞ እኔው ራሴ የሰጠኋት ምክር ነው። ይህን ደብቄ አሠራሩን ብቻ ብለጥፍ ራሴን እታዘባለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እማዬ 2ኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከተገኘባት 6 ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላማይድ ትወስድ ነበር። (የሁለተኛዋን ክኒን ስም ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።) ከዚያ ወዲህ ቤታችን ልደት ሲከበር ኬኩን የምትቆርሰው እሷ ናት፤ ለሁሉም ታድላለች፣ የራሷን ሳህን ይዛ ትቆይና ለልጆቹ ትሰጣለች። ሰው ሲያያት «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለች። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ኩሽና ስገባ፣ መብራት ሳታበራ ቆማ የተረፈውን ኬክ በማንኪያ ስትበላ አገኘኋት። ሁለታችንም ምንም አላልንም። 6 ዓመት ሙሉ «አይቻልም፣ አይቻልም» ስንላት ኖረን ያተረፍነው ይህንን ነው፤ ጨለማ ውስጥ ቆሞ፣ ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቁ መብላት።

60 ዓመት ሲሞላት ታዲያ ወሰንኩ። እያንዳንዱን ነገር በግራም የማውቀውን ጣፋጭ በራሴ እጅ ሠርቼ፣ እንግዳ ፊት፣ መብራት በርቶ አብረን እንበላለን አልኩ።

ለምን ዳቦ ፑዲንግ? እማዬ ዳቦ ስለማትጥል። ዳቦ መጣል ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችን፤ ኩሽናችን ውስጥ ሁልጊዜ ያደረ ዳቦ ያለበት የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ለማታውቁት፣ ዳቦ ፑዲንግ ማለት ያደረ ዳቦ በወተት፣ በእንቁላልና በስኳር ተነክሮ ኦቨን ውስጥ የሚበስል ነገር ነው። እንግሊዞች ዘንድ የቆየ ነው። ግብጾች ኡም ዓሊ የሚሉት የእሱ ዘመድ አላቸው፤ ዱባይና ጂዳ ሠርታችሁ የመጣችሁ እህቶቼ በደንብ ታውቁታላችሁ። እኛስ ብንሆን ፍርፍር የምንለው ምን ሆነና! ሐሳቡ አንድ ነው፤ ያደረውን አርሶ፣ ቀባብቶ እንደ አዲስ ማቅረብ።

ያደረ ዳቦ የሚጠነክረው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይምሰላችሁ። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ተደራጅቶ ስለሚጠጥር ነው። ይህ ነገር ፍሪጅ ውስጥ ይፈጥናል፤ ዳቦ ፍሪጅ ስታስገቡ በማግስቱ ድንጋይ የሚሆንባችሁ ለዚህ ነው። ለፑዲንግ ግን የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው። ትኩስ ዳቦ ወተት ሲነካው ይቦካል፤ የጠነከረው ግን እየጠጣ ቅርጹን ይይዛል።

ያደረና የሻገተ ግን ሁለት ናቸው። በዚህ ከእማዬ ጋር ሁሌም እንጨቃጨቃለን። አረንጓዴዋን ነጥብ በቢላ ፋቅ ታደርግና «ሲጋገር ይሞታል» ትለኛለች። ሻጋታው ይሞት ይሆናል። ችግሩ ግን ላይ ላዩን የምናየው ነጥብ ፍሬው ነው፤ ክሮቹ እንደ ዳቦ ባለ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሳይታዩ ርቀው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ መርዝ ትቶ ይሄዳል። አፍላቶክሲን የሚባለውንና ጉበትን የሚጎዳውን የኦቨን ሙቀት አያጠፋውም። ስለዚህ አንድ ነጥብ ካያችሁ ያንን ዳቦ በሙሉ ጣሉት፤ ነውሩን እኔ እወስዳለሁ።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ለ12 ሰው የሚሆን፣ 30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ጎድጓዳ የኦቨን ትሪ ይበቃል። 400 ግራም ያደረ ነጭ ዳቦ፣ 750 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 5 እንቁላል፣ 150 ግራም ጥቁር ቸኮሌት (70 በመቶ ካካዎ ያለው)፣ 30 ግራም ስኳር ያልገባበት የካካዎ ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ ቫኒላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ። ከበዓል የተረፈ ድፎ ዳቦ ካላችሁ ከሁሉም ይበልጣል። ጥቁር አዝሙድ ያለበት ከሆነ ግን ከቸኮሌት ጋር አይስማማም፤ ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ እማዬ አትስማማም።

ስለ ቸኮሌቱ አንድ ነገር። መጠቅለያውን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው «ስኳር» ከሆነ የያዛችሁት ከረሜላ ነው። ከካካዎ ቅቤ ፈንታ የአትክልት ስብ የተጻፈበትም አለ፤ ቀለሙ ብቻ ነው ቸኮሌት። የጥሩው ዋጋ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፣ ለልደት ነው ብዬ ነው የገዛሁት። ካልቻላችሁ የካካዎ ዱቄቱን 60 ግራም አድርጋችሁ ቅቤውን ትንሽ ጨምሩበት፤ ያን ያህል ባይወፍርም ይሆናል። «ጥቁር ቸኮሌት ለልብ መድኃኒት ነው» የሚለውን ፖስት ሼር የምታደርጉ ወዳጆቼ ደግሞ፣ ካካዎ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ የደም ሥርን ዘና የሚያደርጉ ነገሮች መኖራቸው እውነት ነው። ግፊት ላይ የሚያመጡት ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ ብዙው ዱቄት ደግሞ ምሬቱን ለመቀነስ በአልካሊ ስለሚታከም ፍላቫኖሉ ይቀንሳል። የግፊት ክኒናችሁን በቸኮሌት እንዳትተኩ።

ዳቦውን በአውራ ጣት ጫፍ መጠን ቁረጡት። ወተቱን ከስኳሩና ከካካዎ ዱቄቱ ጋር አሙቁት፤ እንዳይፈላ፣ ጣት የሚያስፈራ ያህል ሲሞቅ አውርዱት። 100 ግራሙን ቸኮሌትና ቅቤውን ጨምራችሁ እስኪቀልጥ አማስሉ። እንቁላሉን በሌላ ጎድጓዳ ሳህን ምቱና የሞቀውን ወተት በቀጭኑ፣ እየመታችሁ፣ በትዕግሥት አፍስሱበት። ከቸኮላችሁ እንቁላል ፍርፍር ታገኛላችሁ። ጨው፣ ቫኒላ፣ ቀረፋ። ከዚያ ዳቦው ላይ አፍስሳችሁ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጉትና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ይህችን ግማሽ ሰዓት አትዝለሏት፤ እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን 5 ደቂቃ ብቻ ሰጥቼው መሐሉ ነጭና ደረቅ ዳቦ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻም የቀረውን 50 ግራም ቸኮሌት ሰባብራችሁ ላዩ ላይ በትኑት።

ኦቨኑ 160 ዲግሪ ይሁን። ትሪውን ሰፋ ባለ ሌላ ትሪ ውስጥ አስቀምጡና በውጪው ትሪ እስከ ግማሽ ድረስ ሙቅ ውሃ ሙሉበት። ውሃ ከመፍላት በላይ አይሞቅም፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታችን ስላለ ገና በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ጎንና ጎኑ ሳይደርቅ መሐሉ ይደርሳል። ከ45 እስከ 55 ደቂቃ። መሐሉ ላይ ቢላ ስትሰኩ ፈሳሽ ይዞ ካልወጣ፣ ትሪውን ነቅነቅ ስታደርጉት እንደ እርጎ ርግብ ካለ ደርሷል። ኦቨን የሌላችሁ፣ ክዳን ባለው ብረት ሳህን አድርጋችሁ ትልቅ ድስት ውስጥ በውሃ እንፋሎት፣ እንደ ኅብስት፣ ለ1 ሰዓት ማብሰል ትችላላችሁ። ላዩ አይጠብስም እንጂ ውስጡ እንዲያውም ይለሰልሳል።

በጾም ጊዜ የጠየቃችሁኝ፣ በወተቱ የአኩሪ አተር ወተት፣ በእንቁላሉ ፈንታ 4 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ በቅቤው ዘይት። ቸኮሌቱ ወተት እንደሌለበት አረጋግጡ።

አሁን ሂሳቡ። ያን ቀን ጠዋት ወረቀት ይዤ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ነው። ስኳሩ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፣ ግልጽ ነው። ቸኮሌቱ 45 ገደማ። ወተቱ የራሱ የተፈጥሮ ስኳር ስላለው 36። የካካዎ ዱቄቱ 5። ዳቦውስ? 200! 400 ግራም ዳቦ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ነው። ድምሩ 386 ግራም፣ ለ12 ሲካፈል ለአንድ ቁራጭ 32 ግራም ገደማ፤ በስኳር ብናስበው 8 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ። ካሎሪው ወደ 300።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። ስኳሩን በሙሉ ብናስቀረው እንኳን አንድ ቁራጭ 24 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዛ ትቀራለች። ስንት ታካሚ ነው ተደናግጦ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ስኳር ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ ሻይ እንኳን ያለ ስኳር ነው» የሚለኝ፣ ከሻዩ ጋር ሁለት ዳቦ እየበላ። ደሙ ውስጥ ሲገባ ዳቦውም ግሉኮስ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ «በስኳሩ ቦታ ማር አድርጊበት፣ ማር ምንም አይላትም» ብላኝ ነበር። ማር ብዙው ክፍሉ ስኳር ነው፤ አንዲት የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ካርቦሃይድሬት አላት። ቴምርም እንደዚያው። ጣዕሙን ወዳችሁት ከሆነ አድርጉት፣ ስኳር እንደቀነሳችሁ ግን አትቁጠሩት።

32 ግራም ለእማዬ የማይቻል ቁጥር አይደለም። አንድ እንጀራ በልታ የምታገኘው ከዚያ ይበልጣል። እናም በኩራት «እማዬ፣ ዛሬ ማታ ትበያለሽ፣ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ምሳ ላይ ብቻ ቀነስ አድርጊ» አልኳት።

ጥፋቴ ይቺ ናት። «ቀነስ አድርጊ»።

እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሻይና ስስ ቁራጭ ዳቦ ቀምሳ ክኒኖቿን ወሰደች። ከዚያ ቤት ስትጠርግ፣ ሳህን ስታወርድ፣ ቄጤማ ስትጎዘጉዝ ዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ኩሽና ውስጥ እንቁላል እየመታሁ ነው፤ በልታ ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም። እሷ ደግሞ ልጇ ዶክተሯ «ቀንሺ» ብላታለችና አብዝታ መታዘዝ ይሻላል ብላ ጭራሽ አልበላችም። ያለ ስኳር ቡና እየደጋገመች ቆየች። ፑዲንጉ ከቀኑ 11 ሰዓት ይወጣል፣ ወዲያው እራት ይቀርባል፣ ከዚያ ይቆረሳል ነው እቅዳችን።

10 ሰዓት ላይ ኦቨን አስገባሁት። 10 ሰዓት ከ20 ላይ መብራት ሄደ።

ኦቨን ለምትጠቀሙ ሁሉ ይህ ደርሶባችኋል፣ ስለዚህ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። በ20 ደቂቃ ውስጥ መሐሉ ለብ ብሏል እንጂ አልበሰለም። እንቁላል ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ለዚህ ነው እንቁላል ያለበት ምግብ መሐሉ 71 ዲግሪ መድረስ ያለበት። ለብ ያለ ወተትና እንቁላል ደግሞ ለባክቴሪያ መራቢያ እንደ ሠርግ ቤት ነው። ኦቨኑን ሳትከፍቱ ሙቀቱን አቆዩት። መብራት ቶሎ ከመጣ ቀጥሉና በደንብ እስኪበስል ጠብቁ። ለብ እንዳለ 2 ሰዓት ካለፈው ግን፣ የቸኮሌቱን ዋጋ እያሰባችሁ ብታለቅሱም ይደፋ። የኔ ከ50 ደቂቃ በኋላ መጣልኝ። እንግዶቹ ገብተዋል፣ ወጡ ሞቋል፣ እኔ ግን «ፑዲንጉ ይውጣና አንድ ላይ እንቁረብ» ብዬ እራቱን አስቆየሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ።

12 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣ። ላዩ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ብሎ፣ ቸኮሌቱ በየስንጥቁ ቀልጦ፣ ቤቱን ሁሉ ሽታው አወደው። ፎቶ አነሳሁ። ያያችሁት ያንን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ኩሽና መጥቶ «እማዬ ዝም ብላለች፣ ደክሟት ነው መሰለኝ» አለኝ። ስወጣ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ነጠላዋ አንገቷ ላይ በላብ ረጥቧል። እጇን ስይዘው ቀዝቅዞ ይንቀጠቀጣል። «እማዬ» ስላት በአክስቴ ስም ጠራችኝና «ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጡ?» አለችኝ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው።

ቤቱ ተንጫጫ። «ልቧ ነው»፣ «ጠበል አምጡ»፣ «ስኳሯ ጨምሮ ነው፣ ጣፋጭ እንዳታስጠጓት!» ይህችን የመጨረሻዋን አስምሩባት። የስኳር ታማሚ ሲደክመው ሁሉም ሰው ስኳሩ የጨመረ ይመስለዋል። በድንገት ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ረኀብ፣ መነጫነጭ፣ መቀባዠር ከመጣ ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ማነሱ ነው፤ ማነስ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ሊያስት ይችላል። መለኪያውን አምጥቼ ጣቷን ወጋሁ። 51 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ከ70 በታች ሲሆን ነው አነሰ የሚባለው፤ ከ54 በታች ሲወርድ አደገኛ ነው።

ወንድሜ ከፑዲንጉ የተረፈ ቸኮሌት ይዞ ሮጦ መጣ። ክፋት የለውም፣ ፊልም ላይ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ግን ቸኮሌት ውስጥ ብዙ ስብ አለ፣ ስብ ደግሞ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያዘገያል። ስኳሩ ደም ውስጥ እስኪደርስ አንጎል አይጠብቅም። ፑዲንጉም፣ ኬኩም፣ ወተቱም ለዚያች ደቂቃ አይሆኑም። የሚሆነው ተራ ነገር ነው፤ 4 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር መደበኛ ለስላሳ (ዜሮ የሚለው አይደለም)፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። 15 ግራም ገደማ ነው። መዋጥ ስለምትችል ስኳር ውሃውን ቀስ እያልኩ አጠጣኋት። 15 ደቂቃ ጠብቄ ለካሁ፣ 66። ደገምኩ። ከሌላ 15 ደቂቃ በኋላ 94።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ወጡ ቀዘቀዘ እኮ» አለች። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ራሱን ለሳተ ወይም መዋጥ ለማይችል ሰው ምንም ነገር አፉ ውስጥ አትጨምሩ። ስኳር ውሃም፣ ማርም ሳንባ ውስጥ ይገባል። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት፤ እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል። መለኪያ ከሌላችሁና ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች ካሉ ደግሞ ለመለካት ብላችሁ አትዘግዩ፤ መዋጥ እስከቻለ ስኳሩን ስጡት። ስኳሩ ከፍ ብሎ ከነበረ እንኳን 4 ማንኪያ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ማነሱ ሳይታከም ቀርቶ ከሚያደርሰው ጋር አይወዳደርም።

አሁን ስሟን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ክኒን። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ያን ያህል አያወርድም። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ትገፋለች፤ ምግብ ብትበሉም ባትበሉም። ክኒኗ ሥራዋን ትሠራለች፣ የምትሠራበት ምግብ ከሌለ ግን ያለውን ታወርዳለች። ሙሉ ቀን ቤት ማጽዳት ደግሞ ጡንቻ ስኳር እንዲበላ ያደርጋል። ዕድሜያቸው ለገፋና ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች የበለጠ ታሰጋለች። ከዚህም ሌላ ከሰውነት ቶሎ አትወጣም፤ አንዴ ያወረደችው ስኳር ተስተካክሎ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እራቷን፣ እንጀራ በዶሮ ወጥ፣ በደንብ አበላኋትና ሌሊቱን አጠገቧ ተኛሁ። 4 ሰዓት ላይ 132፣ 7 ሰዓት ላይ 108፣ ሊነጋጋ ሲል 97። እንደገና ቢወርድ ኖሮ በሌሊት ይዣት እሄድ ነበር። ጣቷን በወጋሁ ቁጥር «ተይኝ ልተኛበት» ትለኛለች።

በማግስቱ ወደሚከታተላት ሐኪም ይዣት ሄድኩ። እኔ ልጇ ነኝ እንጂ ሐኪሟ አይደለሁም፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚመጣውም ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። የኩላሊት ምርመራ ታዘዘላት፣ ግሊቤንክላማይዷም በሌላ መድኃኒት ተቀየረች። ይህን አንብባችሁ የራሳችሁን ክኒን እንዳታቆሙ፤ ብዙ ሰው በደህና የሚጠቀምበት መድኃኒት ነው። የማትበሉበት ቀን ካለ፣ ለጾምም ይሁን ለላብራቶሪ ምርመራ፣ አስቀድማችሁ የሚከታተላችሁን ሐኪም «ያን ቀን ክኒኔን ምን ላድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንሱሊን የምትወጉም እንዲሁ።

ያን ምሽት ፑዲንጉን ማንም በወጉ አልበላውም። እንግዶቹ በጨዋ ደንብ አንድ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ሄዱ። ቀሪውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገባሁት (ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ስታወጡት እስኪጨስ አሙቁት) እና ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። ነርሶቹ ጨረሱት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማዬ ራሷ «ያንን ነገር አትደግሚውም?» አለችኝ። ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ካልደገምኩት ጨለማው ኩሽና እንደሚመለስ አውቃለሁ። ስኳሩን ከ100 ወደ 70 ግራም አወረድኩት፤ ቸኮሌቱ ጥሩ ከሆነ ልዩነቱ አይታወቅም ብዬ ነው። ቁርሷን በሰዓቱ፣ ምሳዋን በሰዓቱ በላች፤ ቆሜ አየሁ። እራት ላይ እንጀራዋን ግማሽ አድርጋ፣ ጎመንና ሥጋውን አስቀድማ በላች። ካርቦሃይድሬቱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ የስኳሩ አወጣጥ ዝግ ይላል። የፑዲንጉ 30 ግራም የገባው በቀነሰችው እንጀራ ቦታ ነው። መቀነስ ማለት ይህ ነበር፤ አንዱን በሌላው መተካት፣ እዚያው ማዕድ ላይ። ያኔ እንዲህ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ።

ከመብላቷ በፊት 124 ነበር። ጠረጴዛው ጋር ቁጭ ብላ፣ ከሁላችንም ጋር፣ ቁራጯን በሹካ እየቆረሰች እስከ መጨረሻው በላች። ከዚያ ከወንድሜ ጋር ግቢውን 15 ደቂቃ ዞሩ። ከ2 ሰዓት በኋላ ለካን፣ 168። ከ180 በታች ነው የምንፈልገው።

ቦርሳዋ ውስጥ አሁን በላስቲክ የተጠቀለለ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ፤ የወንድሜም የመኪና መሳቢያ ውስጥ እንዲሁ። ፑዲንጉን እንዴት አገኘሽው ስላት ሳህኑን እያነሳች «የመጀመሪያው ይሻላል፣ ይሄ ስኳር አንሶታል» አለችኝ። የመጀመሪያውን እኮ አልቀመሰችውም።